ምጥ ሲረዝም

እኛ አስተማሪዎቻችሁ ዩኒቨርሲቲ የምንማረው ሕክምና ነው። የማህፀንና የጽንስ ሐኪም ለመሆን አስበናል። ለምን?

ኦቾሎ ገደል ላይ ያለ አገር ነው። ምጥ የጠናባትን ሴት በቃሬዛ ቁልቁለቱን ማውረድ አድካሚ ነው። ቢሆንም መዘግየት ይብሳል። ምጥ ሲረዝም የልጁ ራስ የእናቲቱን ገላ ይጫናል። ደም ሳይደርሰው ይቀራል። ገላው ይሞታል፤ ቀዳዳ ይከፈታል። ሽንቷ ሳታዘው ይፈሳል። ይህ ፊስቱላ ይባላል። እርግማን አይደለም። በቀዶ ሕክምና ይድናል።

ማሚቱ ጋሼ የገጠር ልጅ ነበሩ። አራት ቀን አማጡ። ልጁ ሞተ፤ እሳቸውም በፊስቱላ ታመሙ። አዲስ አበባ ላይ ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው አከሟቸው። ማሚቱ ያኔ ፊደል አልቆጠሩም። ግን እዚያው ሐኪሞቹን እያገዙ፣ እያዩ፣ ቀዶ ሕክምና ተማሩ። ብዙ ሴቶችን አዳኑ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1989 ከሐምሊኖች ጋር ከእንግሊዝ አገር የወርቅ ሜዳይ ተሸለሙ። ማንበብንም አልተዉትም፤ እንደ እናንተ ማታ ማታ ተማሩ።

እንግዲህ ወገኖቻችን፣ ምጥ ከጠና ሌላ ቀን እስኪነጋ አንጠብቅ። ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያ እናውርዳት። የቃሬዛውን አንድ ጫፍ እኛ እንይዛለን።