ዝቅ ብሎ የሚሄድ መኪና

ሎስ አንጀለስ ውስጥ ልጅ ለምናሳድግ ኢትዮጵያውያን «ሂፕ ሆፕ» የሚለው ቃል ብቻውን ያሳስበናል። አሮጌ መኪና ሲጨመርበት ደግሞ ስጋታችን እጥፍ ይሆናል። የ19 ዓመቱ ልጄ ሠርቶ ባጠራቀመው ገንዘብ ዝገት የበላው የ1964 ሞዴል ሼቭሮሌት ኢምፓላ ልግዛ ሲለኝ፣ እሺም እምቢም ከማለቴ በፊት ነገሩ ከየት እንደመጣ ማወቅ ፈለግሁ።

«ሎውራይደር» ይሉታል፤ ወደ መሬት ዝቅ ብሎ፣ ቀስ ብሎ የሚሄድ መኪና ነው። የጀመሩት ዘፋኞች አይደሉም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው የካሊፎርኒያ ወጣቶች አሮጌ መኪና እየገዙ፣ ከኋላ የአሸዋ ከረጢት እየጫኑ ወይም ሞላውን እየቆረጡ ዝቅ አደረጉት። ሌላው ለፍጥነት ሲሽቀዳደም እነሱ በዝግታ እየነዱ መታየትን መረጡ። እ.ኤ.አ. በ1958 ከቸርኬው ግርጌ በታች የወረደ መኪና በግዛቲቱ ሕግ ተከለከለ። በ1959 ሮን አጊሬ የተባለ ወጣት የአውሮፕላን ሃይድሮሊክ ፓምፕ መኪናው ላይ ገጠመ። ከዚያ ወዲህ ቁልፍ ሲነኩ መኪናው ከፍ ይላል፣ ሲነኩ ዝቅ ይላል። ፖሊስ ሲመጣ ማንሳት፣ ሲያልፍ ማውረድ ሆነ።

የጥቁሮቹ ሰፈርም ባህሉን የራሱ አደረገው፤ ክሬንሾ ጎዳና የእሑድ መሰብሰቢያ ሆነ። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ እነ ኢዚ ኢ፣ ዶክተር ድሬና ስኑፕ ዶግ ኢምፓላን በዘፈንና በቪዲዮ ለዓለም አሳዩት። ከመኪናው ጋር ግን የወሮበላና የጠመንጃ ወሬም አብሮ መጣ። የወላጅ ፍርሃት ከዚህ ይነሳል፤ መሠረት የለውም አይባልም።

ኒፕሲ ሃስል በመባል የሚታወቀው ኤርሚያስ አስገዶም አባቱ ኤርትራዊ ነው፤ ያደገው እዚያው ክሬንሾ አካባቢ ነው። በመጋቢት 2019 በገዛ ሱቁ ደጃፍ ተገደለ። ያኔ በየቤታችን ያለቀስነው ዘፈኑን ሰምተን አይደለም፤ ስሙ የልጆቻችን ስም ስለሆነ ነው። ፌርፋክስ ላይ ካለችው «ትንሿ ኢትዮጵያ» እስከዚያ ቦታ በመኪና ሩቅ አይደለም።

ስለዚህ ለልጄ የሰጠሁት መልስ ቅድመ ሁኔታ ነበረው። ብድር አይነካም፣ ኢንሹራንሱን ራሱ ይከፍላል፣ ማታ አይነዳም። አንድ እሑድ ወደ ክሬንሾ አብሬው ሄድኩ። ታጣፊ ወንበር ዘርግተው የተቀመጡ አያቶች፣ ሕፃን ያዘሉ እናቶች፣ ቸርኬ በጨርቅ የሚወለውሉ ሽማግሌዎች አየሁ። ከጥር 2024 ጀምሮ ደግሞ የካሊፎርኒያ ከተሞች እንዲህ ያለውን የዝግታ ሽርሽር መከልከል አይችሉም፤ የቁመቱ ክልከላም ተነስቷል። ልጁን ፖሊስ የሚያስቆምበት አንድ ምክንያት ቀነሰ ማለት ነው።

የቀረውን የሠሩት አዲስ አበባ ያሉት አባቴ ናቸው። 40 ዓመት ጋራዥ የሠሩ ሰው ናቸው። ልጄ ከሳቸው ጋር ከ«ደህና ነኝ» የዘለለ አማርኛ አያወራም ነበር። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ስልኩን ሻንሲው ሥር ይዞ ገብቶ ያሳያቸዋል። «አባባ፣ ይሄ ምንድነው?» ይላል። «ሞላ ነው ልጄ። እሱን ተወውና መጀመሪያ ፍሬኑን አሳየኝ፤ ቀለም በኋላ ይደርሳል» ይሉታል። ቸርኬ፣ ፍሪሲዮን፣ ብየዳ እያለ ቃል በቃል ይለቅማል። እኔ በመጽሐፍ ላስተምረው ስታገል የኖርኩትን ቋንቋ ዝገት እየፋቀ ይማራል።

መኪናው ገና አልተነሳም። አባቴ 81 ዓመታቸው ነው፤ ሞተሩ ሲነሳ ድምፁን በስልክ አሰሙኝ ብለዋል። ልጄ ዕድሜያቸውን ያውቃል፤ ለዚህ ይመስለኛል ቅዳሜ ከጋራዡ የማይወጣው።