«ዳነ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

«በልታችሁ አትሩጡ፣ ትርፍ አንጀት ይይዛችኋል!» ሳይባል ያደገ ካለ እጁን ያውጣ። እኛ የገሱባ ልጆች ምሳችንን ውጠን ወደ ኳስ ስንፈተለክ ከኋላችን የሚከተለን ማስፈራሪያ ይሄው ነበር። (ለነገሩ ሩጫው ከደሙ ንጹህ ነው። በሽታው በአብዛኛው የሚጀምረው የትርፍ አንጀት ቀዳዳ ሲደፈን ነው።) ስሙም ራሱ ያዘናጋል። «ትርፍ» የተባለ ነገር ምን ያህል ይጎዳል ትላላችሁ?

ይጎዳል! ሰፈራችን ውስጥ አንድ የአስር ዓመት ልጅ እምብርቱ አካባቢ አመመው፣ ቤት ውስጥ ዝንጅብል ተፈላለት፣ ሕመሙ ወደ ቀኝ ጎኑ ወረደ። ጤና ጣቢያ ሲደርስ ሪፈር ተጻፈለት፣ ሆስፒታል ሲገባ ግን ፈንድቶ ነበር። ኦፕራሲዮን ሆነና ተመለሰ። እኛም እንደ ወጉ ልንጠይቅ ሄድን፤ «እንዴት ሆነ?» አልን።

እናትየው «ተመስገን፣ ግን ቤት ከገባ በኋላ ቁስሉ መግል ይዞ ስንት ቀን በፋሻ ተመላለስን» አሉን። አባት ስለሸጧት ጊደር አወሩ። ልጁ ደግሞ ያለቀሰው ላመለጠው ፈተና ነው። የመውጫ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውስ? «ተሽሎት ወጣ»። በቃ። አራቱም እውነት ነው፤ ወደ ቁጥር የሚለወጠው ግን ወረቀቱ ላይ ያለው ብቻ ነው። ቁስሉ የመረቀዘው ልጁ ሰፈሩ ከገባ በኋላ ስለሆነ፣ የተጻፈው ሌላ መዝገብ ላይ ነው። ሁለቱ መዛግብት ደግሞ አይተዋወቁም።

ይሄ የእኛ ሀገር ችግር ብቻ መስሎን ነበር። ዓለምም እዚያው ነው ያለው! እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ አንድ ግምገማ የልጆችን ትርፍ አንጀት ሕክምና የፈተሹ 63 ጥናቶችን ሰብስቦ አየ። በጥናቶቹ ውስጥ 115 ዓይነት የውጤት መለኪያ ተገኘ፤ በ63ቱም ውስጥ የተለካ ግን አንድም አልነበረም። ገበያ ወጥታችሁ አንዱ በቆሎውን በጣሳ፣ ሌላው በኪሎ፣ ሦስተኛው በቁና ሲሸጥላችሁ የማን እንደሚረክስ ንገሩን እስቲ።

መለኪያው ሲለያይ አሸናፊውም ይለያያል። አሜሪካ ውስጥ ተሠርቶ በ2020 የወጣ ጥናት ትርፍ አንጀታቸው ያልፈነዳ ልጆችን ተከታተለ፤ ገሚሶቹ ቢላዋ ሳይነካቸው በአንቲባዮቲክ፣ ሌሎቹ በኦፕራሲዮን ታከሙ። አንዱ ዋና መለኪያው ልጁ በአንድ ዓመት ውስጥ ከዕለት ተዕለት ኑሮው ስንት ቀን ተስተጓጎለ የሚል ነበር፦ በአንቲባዮቲክ በአማካይ 6.6 ቀን፣ በኦፕራሲዮን 10.9። አንቲባዮቲክ አሸነፈ! በ2025 ላንሴት ላይ የታተመው የአምስት ሀገሮች ጥናት ደግሞ የለካው ሕክምናው በአንድ ዓመት ውስጥ መክሸፉን ነው፦ በአንቲባዮቲክ 34 በመቶ፣ በኦፕራሲዮን 7 በመቶ። ኦፕራሲዮን አሸነፈ! ግን «ከሸፈ» ማለት ምንድን ነው? አንቲባዮቲክ የወሰደ ልጅ በዓመቱ ውስጥ ትርፍ አንጀቱ ከወጣ ከሸፈ ተባለ። ኦፕራሲዮን የሆነው ደግሞ የወጣለት አንጀት ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ ወይም ዳግም ማደንዘዣ ካስፈለገው። አንዲት እናት «ከሦስት ልጆች ሁለቱ ከቢላዋ ተርፈዋል» ብላ ብታነበው ተሳስታለች? እኛ አልተሳሳተችም እንላለን።

ለዚህ ነው እንግሊዝ ውስጥ ሐኪሞች፣ ወላጆችና ታመው የዳኑ ልጆች ራሳቸው ተጠይቀው፣ በ2020 ማንኛውም ተመራማሪ ቢያንስ እነዚህን ይለካ የሚል የ14 ውጤቶች ዝርዝር የወጣው። ሆድ ውስጥ የሚቋጠር መግል፣ የቁስል መመርቀዝ፣ ዳግም ኦፕራሲዮን፣ ዳግም ሆስፒታል መግባት አሉበት። ደስ ያለን ግን የልጁ ጭንቀትና ወደ ሙሉ እንቅስቃሴው እስኪመለስ ያለፈው ጊዜም መግባታቸው ነው። ፈተና ያመለጠው ጎረቤታችን ቢያንስ እዚያ ወረቀት ላይ ቦታ አግኝቷል።

ታዲያ ተርጉመን እንለጥፈው? አይ። አንደኛ፣ ዝርዝሩ የተሠራው ላልፈነዳ ትርፍ አንጀት ነው። ከገጠር ቀበሌ ተነስቶ፣ ጤና ጣቢያ ደርሶ፣ ከዚያ መኪና ጠብቆ ሶዶ ለሚገባ ልጅ ግን ዋናው ነገር ሆስፒታል በር ላይ ሳይደርስ አልቆ ሊሆን ይችላል። ሕመሙ ከጀመረበት እስከ ቀዶ ሕክምናው ስንት ሰዓት አለፈ? ይሄ ካልተጻፈ የፈነዳው ሁሉ በሐኪሙ እጅ የፈነዳ ይመስላል። ጊደሯስ የት ትመዝገብ? ደግሞ «ጤነኛ ትርፍ አንጀት ወጣ» ለማለት የወጣውን ሥጋ የሚመረምር የፓቶሎጂ ቤተ ሙከራ ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ በየከተማው የለም።

ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና የምትማሩና የመመረቂያ ርዕስ ፍለጋ ላይ ያላችሁ ወዳጆቻችን፣ እባካችሁ ይሄን ጉዳይ እዩልን። ቢያንስ የቁስል መመርቀዝን ሁላችሁም እስከ 30ኛው ቀን ቁጠሩት፤ ልጁ ከአልጋ እስኪነሳ ብቻ አይሁን። ሲወጣ የአባቱን፣ ከሌላቸው የጎረቤት ስልክ ያዙ። ስልኩ ካልሠራ ቤቱን የምታውቅ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በቀበሌው አለች። ስትደውሉም በወላይትኛ ጠይቁ፤ እናትየው በአማርኛ «ደህና ነው» ብላ የምትዘጋውን ስልክ በወላይትኛ ግማሽ ሰዓት ልታወራበት ትችላለች።