ሮም ለሦስት ቀን፤ የትኛውን ትኬት ቀድመን እንቁረጥ?

ለሥራ፣ ለስብሰባ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ጣሊያን የሚሄድ ሰው ሮም ላይ የሚተርፈው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ነው። ልጆች አስከትሎ ከሆነ ደግሞ የእያንዳንዱ ቀን ወጪ በዩሮ ሲሰላ ያስደነግጣል። ታዲያ ከመነሳቱ በፊት ሁለት ዓይነት ምክር ይደርሰዋል። አንዱ «ሁሉንም ከዚሁ ቁረጥ፤ አለዚያ ቀኑን ሰልፍ ላይ ነው የምትፈጀው» ይለዋል። ሌላው «ምን አስቸኮለህ? ስትደርስ ትገዛለህ» ይለዋል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። በዚህ አጭር ጊዜ ቀድሞ መያዝ ያለበት ሦስት ቦታ ነው፤ ኮሎሲየም፣ የቫቲካን ሙዚየሞች እና የቦርጌዜ ጋለሪ። እነሱንም ቢሆን በቀን ከአንድ በላይ መደራረብ አይገባም።

ከሁሉ በፊት ግን ቪዛው እጅ ይግባ። ኤምባሲዎች የሆቴልና የበረራ ቦታ ማስያዣ ይጠይቃሉ እንጂ የሙዚየም ትኬት አይጠይቁም። ብዙዎቹ የመግቢያ ትኬቶች አንዴ ከተከፈለባቸው ገንዘብ አይመልሱምና፣ ቪዛ ሳይመታ ለአምስት ቤተሰብ ትኬት መግዛት ገንዘብን ሜዳ ላይ እንደመበተን ነው።

አስቸጋሪው ኮሎሲየም ነው። በአንድ ጊዜ የሚያስገባው ሰው ቁጥር የተወሰነ ሲሆን፣ ትኬቱ ለሽያጭ የሚቀርበው ከጉብኝቱ 30 ቀን አስቀድሞ ነው። በፀደይና በበጋ ወራት ጥሩ ጥሩው ሰዓት ወዲያው ያልቃል። የሚያልቀው በቱሪስት ብዛት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2025 የጣሊያን የንግድ ውድድር ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን፣ ትኬቱን በኮምፒዩተር ፕሮግራም እየለቀሙ ከአስጎብኚ አገልግሎት ጋር አዳብለው አስወድደው ይሸጡ የነበሩ ድርጅቶችንና ሽያጩን ያካሂድ የነበረውን ተቋም በድምሩ ወደ 20 ሚሊዮን ዩሮ ቀጥቷቸዋል። ስለዚህ በኢንተርኔት ፍለጋ መጀመሪያ ብቅ ያለውን ገጽ አይመኑ። መደበኛው ትኬት 18 ዩሮ ነው፤ የሮማውያን ፎረምንና የፓላቲን ኮረብታንም ያካትታል። ከዚያ እጥፍና ከእጥፍ በላይ የሚጠይቅዎ ገጽ የነጋዴ ነው። አስጎብኚ ፈልገው ከሆነ ይክፈሉ፤ ትኬቱን ብቻ ፈልገው ከሆነ ግን ይለፉት።

የኮሎሲየም ትኬት በስም ነው የሚቆረጠው። በር ላይ ፓስፖርት ይታያል። እዚህ ላይ የኛ ሰው ልዩ ጣጣ አለበት። አንድ «ፀሐይ» የሚባል ስም በላቲን ፊደል በአራትና በአምስት መንገድ ይጻፋል፤ ውጭ ያለው ወንድም ትኬቱን ሲቆርጥ እንደመሰለው ይጽፈዋል፣ ፓስፖርቱ ሌላ ይላል። ለሚቆርጥልዎ ሰው ስም በስልክ አይንገሩ፤ የፓስፖርቱን ገጽ ፎቶ አንስተው ይላኩለት። ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በኮሎሲየምም ሆነ በሌሎች የመንግሥት ሙዚየሞች በነፃ ይገባሉ፤ ዜግነት አይጠየቅም። ነገር ግን ለኮሎሲየም በእነሱም ስም ነፃ ትኬት መያዝ አለበት። «ሕፃን ነው» ብሎ ዝም ማለት አያዋጣም።

ሰዓቱንም ልብ ይሏል። ትኬቱ ላይ 9:00 የሚለው በኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት የሚባለው እነሱ ዘንድ 15:00 ነው። እናትና አባትዎን ብቻቸውን የሚልኩ ከሆነ፣ በኛ አቆጣጠር ቀይረው በወረቀት ላይ በትልቁ ይጻፉላቸው።

የቫቲካን ሙዚየሞች ከኮሎሲየም ይለዝባሉ። በኢንተርኔት መያዝ 5 ዩሮ ያስጨምራል፤ ቱሪስት በሚበዛበት ወቅት ግን ከግንቡ ሥር ለረጅም ሰዓት ፀሐይ ላይ ከመቆም ይሻላል። ቪዛው ዘግይቶ ትኬት ያለቀበት ሰውም ተስፋ አይቁረጥ፤ ተሰልፎ መግባት ይቻላል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሰልፉ ይቀንሳል። ሚኬላንጄሎ ጣሪያውን የሳለው የሲስቲን ጸሎት ቤት የሚገኘው በእነዚህ ሙዚየሞች ውስጥ ነው፤ የተለየ ትኬት የለውም። መግቢያው በቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ በኩል ሳይሆን ግንቡን ዞሮ በሌላ ጎዳና ላይ ነው፤ ልጅ ለያዘ ሰው ረዘም ያለ መንገድ ነው። እሑድ ዝግ ነው፤ በነፃ ከሚከፈትበት የወሩ የመጨረሻ እሑድ በስተቀር። ያን ቀን ደግሞ ግፊያውን አልመክርም። ኮሎሲየምም በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ነፃ ነው፤ ምክሬ ያው ነው። ወሩ የሚቆጠረው በፈረንጆቹ መሆኑን አይርሱ።

ቦርጌዜ ያለ ቀጠሮ አይገባም፤ ሰዓቱም ሁለት ብቻ ነው። የቤርኒኒን የእብነ በረድ ሐውልቶች ማየት ለሚወድ ይበቃዋል። ሥዕልና ሐውልት የማይስብዎ ከሆነ ግን ሮም ሄዶ ቦርጌዜን አለማየት ነውር አይደለም፤ ልጆቹን በዙሪያው ባለው መናፈሻ ያንሸራሽሩ።

የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ በነፃ ነው። ሰልፉ የፍተሻ ነውና ማለዳ መድረስ ይበጃል፤ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ግድ ነው። ረቡዕ ጠዋት ጳጳሱ አደባባዩ ላይ ሕዝብ ስለሚቀበሉ ለዚህ አይመረጥም። ጉልላቱ ላይ በእግር የሚወጣ ሰው 551 ደረጃ ይጠብቀዋል። ከላይ ሆነው የቫቲካንን አትክልት ሥፍራ ቁልቁል ሲያዩ፣ ከባዚሊካው ጀርባ ባለው በዚያ ግቢ ውስጥ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባለው ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ያስታውሱ። ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የኢትዮጵያውያን መነኮሳት ማረፊያ ነበር። በግዕዝ ለመጀመሪያ ጊዜ በማተሚያ የታተመው መጽሐፍ፣ መዝሙረ ዳዊት፣ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1513 በዚያችው በሮም ነው።

ፓንቴዎን 5 ዩሮ ነው፤ ሲያልፉ ይግቡ። የትሬቪ ፏፏቴና የናቮና አደባባይ የእግር መንገድ ናቸው። ከአዲስ አበባ ሌሊት የሚነሳው በረራ ማለዳ ያደርሳልና፣ የመጀመሪያውን ቀን ለእነዚህ ይተዉት። እንቅልፍ ያጣ ልጅ ይዞ በቀጠሮ ሰዓት ሙዚየም በር ላይ መገኘት ጭንቅ ነው።

ትኬት የማይጠይቁ፣ ለኛ ግን ከብዙው የሚበልጡ ሁለት ቦታዎች ቀርተዋል። ከኮሎሲየም ወጥተው በሳን ግሬጎሪዮ ጎዳና ትንሽ ሲራመዱ የፖርታ ካፔና አደባባይ ይደርሳሉ። በ1929 ዓ.ም. የተወሰደው የአክሱም ሐውልት እስከ 1996 ዓ.ም. የቆመው እዚህ ነበር። ፊት ለፊት የሚታየው ትልቅ ሕንፃ ዛሬ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ የተሠራው ግን የፋሺስቱ መንግሥት የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር እንዲሆን ነበር። ለልጅ ይህን ቆሞ ማስረዳት ይቻላል።

ሁለተኛው ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ጥቂት ደቂቃ ርቆ በአንድ ትንሽ የአትክልት ቦታ ይገኛል። በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ለወደቁት ጣሊያኖች መታሰቢያ የተተከለ የግብፅ ሐውልት ነው፤ የጣቢያው አደባባይም «አምስት መቶዎቹ» የሚባለው በእነሱ ነው። ከአዲስ አበባ የተወሰደው የይሁዳ አንበሳ የተቀመጠው በዚህ ሐውልት ግርጌ ነበር፤ ዘርዓይ ደረስ በ1930 ዓ.ም. ጎራዴ የመዘዘውም እዚሁ ነው። አንበሳው ዛሬ ለገሃር ነው ያለው። ይህን ለመጨረሻው ቀን ያቆዩት፤ ሻንጣዎን ይዘው እንኳ ደርሰው መመለስ ይችላሉ። ባቡሩ ከዚያው ከተርሚኒ ተነስቶ በ32 ደቂቃ ፊዩሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ ያደርሳል፤ ትኬቱም እዚያው ጣቢያው ውስጥ ይገዛል።