የደከመ ድንጋይና የቤትሆቨን ሰባተኛ

አጎቴ ምሥራቅ ጀርመን ተምሮ ሲመለስ ሻንጣው ውስጥ ከልብሱ ካሴቱ ይበዛ ነበር። ላይፕዚግ ሳለ ከጓደኞቹ ሸክላ እየተዋሰ የቀዳቸው ናቸው። አንደኛው ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ቤትሆቨን 7ኛ፣ ኮንቪችኒ» ብሎ ጽፎበታል። ፍራንዝ ኮንቪችኒ የላይፕዚጉን ጌቫንድሃውስ ኦርኬስትራ እየመራ ዘጠኙንም የቤትሆቨን ሲምፎኒዎች ያስቀረጸ ሰው ነው። ያኔ ግን ስሙ የመድኃኒት ስም ይመስለኝ ነበር።

የቤታችን ቴፕ የግድግዳ መሰኪያው ተቃጥሎ በባትሪ ድንጋይ ብቻ ነበር የሚሠራው። ድንጋይ ደግሞ ይወደዳል። ስለዚህ ካሴት የምንመልሰው በቢክ እስክሪብቶ እያሽከረከርን ነው። ድንጋዮቹ ሲደክሙ አውጥተን የመስኮቱ ደፍ ላይ ፀሐይ እናስመታቸዋለን፤ ትንሽ ይነቁና ደግመው ይሠራሉ። የነቃ ድንጋይ ግን ብዙ አይዘልቅም። ሞተሩ መጎተት ይጀምራል፣ ዜማው ይዘገያል፣ ድምፁም አብሮ ይወርዳል። በቴፕ ላይ ሁለቱ አይነጣጠሉም፤ ፍጥነቱ ከመቶ ስድስት እጅ ያህል ከቀነሰ ሙዚቃው በግማሽ ቶን ዝቅ ይላል። ቤትሆቨን በኤ ማይነር የጻፈውን ሁለተኛ ክፍል እኔ በመጀመሪያ የሰማሁት ወደ ኤ ፍላት ማይነር ተንሸራቶ፣ እግሩን እየጎተተ ነው።

እናቴ ከጓዳ ብቅ አለችና «ደግሞ ይሄ የማን ቀብር ነው?» አለች።

«ቀብር አይደለም እታለም፤ እየሄዱ እኮ ነው» አላት አጎቴ።

እሷም አላመነችውም፣ እኔም አላመንኩትም። በትዝታ ቅኝት ላደገ ጆሮ ኀዘንና ዝግታ አንድ ላይ ነው የሚመጡት። ማይነር ሲሰማ ልቡ አስቀድሞ ይቀመጣል።

ከዚያ አጎቴ ደመወዝ በተቀበለ ሰሞን አዲስ ድንጋይ ገዛ። ያው ካሴት ገባ። የመጀመሪያው ክፍል ሲያልቅ ኦቦው፣ ክላርኔቱ፣ ባሱኑና ሆርኑ ያንን አንድ አኮርድ ነፉት፤ ጠንክሮ ይነሣና እየሳሳ ይጠፋል። ቀጥሎ ቪዮላዎቹ፣ ቼሎዎቹና ቤዞቹ ከታች ጀመሩ። ዜማ ለማለት እንኳ ያስቸግራል፤ መጀመሪያ ላይ አንድ ኖታ ላይ ቆሞ የሚደጋገም ነገር ነው። ያለው ምት ነው፦ አንድ ረዥም፣ ሁለት አጭር፣ ሁለት ረዥም። አጎቴ በጣቱ ጠረጴዛውን እየመታ ያሳየኝ ጀመር፤ ታም፣ ታ-ታ፣ ታም፣ ታም። ይኸው ሲደገም ግማሾቹ ከላዩ ሌላ ረዥም ዜማ ይዘው ይመጣሉ። ምቱን ሁለተኛ ቫዮሊኖች ይረከባሉ፣ ቀጥሎ አንደኛዎቹ፣ በመጨረሻ ኦርኬስትራው በሙሉ። አሁን እውነትም ሰዎች እየሄዱ ነበር። ኀዘኑ አልቀረም፤ ግን የተቀመጠ ኀዘን አልነበረም።

መካከሉ ላይ ወደ ኤ ሜጀር ሲሻገር ክላርኔቶቹና ባሱኖቹ ለስለስ ያለ ዜማ ያነሣሉ፣ ቫዮሊኖቹ ከሥር ሦስት ሦስት እያደረጉ ያጅባሉ። ቤዞቹን ልብ ብሎ ላዳመጠ ግን ያ የመጀመሪያው ምት አልተወም፤ ብርሃኑ ውስጥም ከታች ይመታል። እኔ ከክፍሉ ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህንን ቦታ ነው። በደከመው ድንጋይ ጊዜ የቤዞቹ ምት ከቴፑ ጉርምርምታ ጋር ተቀላቅሎ ጨርሶ አይሰማም ነበር።

ቤትሆቨን በክፍሉ ራስ ላይ የጻፈው «አሌግሬቶ» ነው፤ ፈጠን ያለ እንጂ ዘገምተኛ ማለት አይደለም። ሲምፎኒው ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 8 ቀን 1813 ቪየና ውስጥ፣ በሃናው ጦርነት ለቆሰሉ ወታደሮች እርዳታ በተዘጋጀ ኮንሰርት ላይ ነው። ራሱ ቤትሆቨን መራው፤ አድማጩም ይህን ሁለተኛ ክፍል ይደገምልን ብሎ አስደገመው። ኮንሰርቱን ካሰናዱት አንዱ ሜልዜል ነበር፣ በኋላ ሜትሮኖምን በስሙ ያስመዘገበው ሰውዬ። ቤትሆቨንም እ.ኤ.አ. በ1817 ለሲምፎኒዎቹ የሜትሮኖም ቁጥር ሲያወጣ ለዚህ ክፍል በደቂቃ 76 ምት ሰጠው። 278 ባር በዚህ ቁጥር ከተመታ ከ7 ደቂቃ ተኩል በታች ያልቃል።

ታላላቅ መሪዎች ግን ቁጥሩን ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። ፉርትቬንግለር እ.ኤ.አ. በ1943 ከበርሊን ፊልሃርሞኒክ ጋር ባስቀረጸው 10 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ያን ቅጂ በሰማሁ ቁጥር እናቴ ትታወሰኛለች፤ ብትሰማው «አላልኳችሁም!» ትል ነበር። ካርሎስ ክላይበር ከቪየና ፊልሃርሞኒክ ጋር በሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ1976 በወጣው ሸክላ ላይ 8 ደቂቃ ገደማ ነው። መጨረሻው ላይ ገመዶቹን በቀስት ከማስመታት ይልቅ በጣት ያስቆነጥራል፤ ይህ ቤትሆቨን ከጻፈው ይለያል፣ ቢሆንም አልጠላሁትም። ከዚያ ያ የመክፈቻው አኮርድ እንደገና ይመጣና፣ መሬት ሳይረግጥ፣ ክፍሉ ያልቃል።

ዘንድሮ ብዙ ሰው ይህን ሙዚቃ የሚያውቀው «ዘ ኪንግስ ስፒች» ከተባለው ፊልም ነው፤ ንጉሡ የእ.ኤ.አ. 1939ኙን የጦርነት ንግግር ሲያነቡ ከሥር የሚሄደው እሱ ነው። ለትዕይንቱ ይስማማል። ብቻውን ተቆርጦ ሲሰማ ግን ማንም ለቅሶ ያደርገዋል። እናንተ አራቱንም ክፍሎች በተርታ ስሙ፣ መጀመሪያ የክላይበርን፣ የፉርትቬንግለርን በኋላ። በዚህ ሲምፎኒ ውስጥ ዘገምተኛ ክፍል የሚባል የለም።