ጥያቄ ይላኩልኝ

ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ አንድ የድሮ ተማሪዬ ከኒሯቅ ደወለልኝ። ኒሯቅ የት ነው ለሚል፣ በዋግ ኽምራ የአበርገሌ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከሰቆጣ ወደ ተከዜ ቆላ ሲወርዱ ትገኛለች። ልጁ (ልጅ እላለሁ እንጂ እሱም የልጆች አባት ሆኗል) እዚያ ያስተምራል።

«ጋሼ፣ የጥያቄና መልስ ውድድር ልናዘጋጅ ነው። አርባ ያህል ጥያቄ ይላኩልኝ፤ ሳይንስ፣ ጠፈር፣ ሕክምና፣ እንዲያው ጠቅላላ ዕውቀት» አለኝ። የሥነ ጽሑፍ ሰው ከጠፈር ምን አገናኘው ብዬ ላንገራግር ስል፣ «እዚህ መጽሐፍ እንደልብ የለም» አለኝ። አፈርኩ።

መቼስ የኔ ትውልድ በጥያቄና መልስ ያደገ ነው። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ባንዲራ ተሰቅሎ ሲያበቃ ሰልፉ ፊት ቆሜ «ወደ ጠፈር የወጣው የመጀመሪያው ሰው ማነው?» ተባልኩ። «ዩሪ ጋጋሪን፣ በ1961!» ብዬ አንድ ደርዘን ደብተር ተሸለምኩ። ዘመኑ ዘመነ ሶሻሊዝም ነበርና የቫለንቲና ቴሬሽኮቫን 1963ም ቢሆን እንደ አባታችን ሆይ ነበር የምናውቀው። ያን ዕለት ከኋላ የቆመ አንድ ልጅ «መንኩራኩሩ ግን ለምን አይወድቅም?» ብሎ ጠየቀ። ረበሽክ ተብሎ ተንበረከከ። እኔ ደብተሬን ታቅፌ አየሁት። መልሱን ያገኘሁት ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። ለካስ መውደቁንስ ይወድቃል፤ ነገር ግን በሰዓት 28,000 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ጎን ስለሚከንፍ፣ ምድርም ክብ ስለሆነች፣ እሱ ሲወድቅ መሬቱ ከሥሩ እየጎበጠ ይሸሸዋል። እየወደቀ ይኖራል ማለት ነው። ይህን የመሰለ ነገር የጠየቀ ልጅ ነው በጉልበቱ የቆመው!

የባሰው እኔ ራሴ መምህር ሆኜ የሠራሁት ነው። «ይህ ልቦለድ በስንት ዓመተ ምሕረት ታተመ?» የሚል ፈተና ስንት ዘመን አወጣሁ። ይኸው የኒሯቁ ተማሪዬ አንድ ቀን እጁን አውጥቶ የጠየቀኝን «ፈተና ላይ አይመጣም» ብዬ አስቀምጬዋለሁ። ምን እንደነበር አላስታውስም። እሱ ያስታውስ እንደሆነ ለመጠየቅ እስካሁን አልደፈርኩም።

ያም ሆኖ አርባውን ጥያቄ ላክሁ። ስለ ሌጎ የእህቴ ልጅ ግድ ብሎኝ ሁለት ጨመርኩ። ሌጎ ያ እርስ በርሱ የሚገጣጠመው የላስቲክ ጡብ ነው። በ1932 እ.ኤ.አ. ዴንማርክ ውስጥ ቢሉንድ በምትባል ከተማ አንድ አናጢ የጀመረው ድርጅት ሲሆን፣ ስሙም «ጥሩ ተጫወት» ከሚል የዴንማርክ ቋንቋ የመጣ ነው። በ2011 ወደ ጁፒተር የተላከችው ጁኖ የተባለች መንኩራኩር ሦስት የሌጎ አሻንጉሊቶች ይዛ ሄዳለች፤ ከአሉሚኒየም የተሠሩ፣ አንዱ ጋሊሊዮ። ደስ የሚል ወሬ ነው። ለኒሯቅ ልጅ ምን ይሠራለታል የሚለውን ግን አላሰብኩበትም።

ሰኔ ላይ ውጤቱን ሊነግረኝ ደወለ።

የሕክምናው ጥያቄ ጠብ አስነስቷል። «የቢልሃርዚያን ቀንድ አውጣ የሚገድለው ተክል ምንድን ነው? ማንስ አገኘው?» ይላል። ተወዳዳሪዎቹ ዝም ሲሉ ከተመልካች መሐል አንዲት ልጅ ተነሥታ «እንዶድ! እናቴ ነጠላ የምታጥብበት» አለች። ማን አገኘው? ሲሏት «የሚያጥቡት ሴቶች» ብላ ተቀመጠች። በወረቀቴ ላይ ያለው መልስ ዶክተር አክሊሉ ለማ ነውና ዳኞቹ ነጥብ ከለከሏት። እኔ ብሆን እሰጣት ነበር። አክሊሉ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ያየው እኮ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው መገኘታቸውን ነው። ያንን ወንዝ የተሻገረ ሰው ስፍር ቁጥር የለውም። «እነዚህ ለምን ሞቱ?» ብሎ መርምሮ እስከ መጨረሻው የሄደው እሱ ነው። በ1989 ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አገኙ። ሴቶቹን የጠራቸው ግን የኒሯቋ ልጅ ናት።

ሌጎን ያየ አንድም ተማሪ አልነበረም። መምህሩ በጠመኔ ስሎ፣ «ስምንት ስምንት ጉብታ ያላቸው ስድስት ጡቦች በ915,103,765 ዓይነት መንገድ ይገጣጠማሉ» ሲላቸው አዳራሹ ተንጫጫ። ከአባቱ ጋር የእርከን ካብ የሚክብ አንድ ልጅ ግን «ጡቡ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው?» ብሎ ጠየቀ። አዎ ሲባል፣ «እንግዲያማ ቀላል ነው፤ የኛ ድንጋይ አንዱ ካንዱ አይመሳሰልም» አለ።

ከዚያ የሳተላይቷ መጣ። «የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት መቼ መጠቀች?» የሚለውን አንድ ጎበዝ ሳይጨርሱለት መለሰ፦ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ከቻይና። ተጨበጨበ። መሬትን ከላይ ፎቶ ለማንሳት ነው የተላከችው ሲባል፣ የስምንተኛ ክፍል ልጅ እጁን አወጣ።

«በ2014 ወደ ሰቆጣ ስንሸሽ አይታን ነበር?»

በዚያ ዓመት ከአበርገሌና ከፃግብጂ የተፈናቀለው ሕዝብ ሰቆጣና ወለህ ሰፍሮ ነበር። አዳራሹ ውስጥ የነበረው ልጅ ሁሉ ማለት ይቻላል የዚያ መንገድ ልጅ ነው። ተማሪዬ «ጠይቄ እነግራችኋለሁ» ብሎ አስቀመጠው። «እስቲ ይንገሩኝ ጋሼ፣ ምን ልበላቸው?»

እንደ እንቆቅልሹ አገር ሰጥቼ የምገላገለው ነገር አልነበረም። ቀን ስጠኝ ብዬው አነበብኩ፣ የሚያውቁትን ጠየቅሁ። ሳተላይቷ የተሠራችው ለእርሻ፣ ለደንና ለውኃ ጥናት ነው። በምስሏ ላይ አንዷ ነጥብ በምድር ከአሥር ሜትር በላይ ትይዛለች፤ ማሳ ይታያል፣ ልጅ ያዘለች ሴት አትታይም።

«አላየቻችሁም በላቸው» አልኩት።

ጥቂት ዝም አለና «እነግራቸዋለሁ» አለ። ለዘንድሮውም ጥያቄ እንድልክለት ሲጠይቀኝ፣ የለም፣ ልጆቹ ይጻፉና አንተ ላክልኝ አልኩት። አሥራ ሰባት ደርሰውኛል። ስድስቱን መልሻለሁ። አሁን የያዘኝ፣ ፍየል ገደል አፋፍ ላይ ቆማ ቁልቁል ስታይ ለምን አይዞርባትም የሚለው ነው።