ነሐሴ በፍጥሞ ደሴት

የፍጥሞን ስም ሰምቶ የማያውቅ ክርስቲያናዊ ቤተ ሰብ አይኖርም፤ ወንጌላዊው ዮሐንስ ተግዞ የኖረባት፥ ራእዩንም ያየባት ደሴት ናትና። ነገር ግን ዛሬም ሰው እንደሚኖርባት፥ ልብስ እንደሚታጠብባት፥ ልጆችም በባሕሩ ዳር እየተራወጡ የእናቶቻቸውን ጥሪ እንዳልሰሙ እንደሚሆኑባት አስበን የምናውቅ ጥቂቶች ነን። ከጥቂት ዓመታት በፊት በክረምቱ ወራት ሁለት ሳምንት ያህል በዚያ ተቀምጠን ነበርና ያየነውን ለአንባቢዎቻችን እንነግራለን።

ወደ ፍጥሞ የሚያደርስ አውሮፕላን የለም። በአቴና አጠገብ ካለው ከፒሬዎስ ወደብ የተሳፈርንባት መርከብ ስምንት ሰዓት ያህል ተጕዛ፥ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ስካላ በሚባለው ወደብ አወረደችን። የደሴቲቱ ስፋት 34 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ነዋሪዋም ከሦስት ሺህ ብዙ አይርቅም።

በእኛ አገር ነሐሴ ጭቃና ጉም ነው። በዚያ ግን ከሰኔ ጀምሮ ጠብታ አይወርድም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የጥንቶቹ ቤቶች በብርዱ ወራት የሚዘንበውን ውሃ የሚያጠራቅሙበት ጕድጓድ አላቸው። ቤት ያከራዩን ባልቴት አትክልት ያጠቡበትን ውሃ አይደፉትም፤ በደጃፋቸው ላለው በሶብላ ያጠጡታል። እኛ እጃችንን ስንታጠብ ውሃውን ስናንዶለዱል አይተው አንድ ቀን ቧንቧውን በገዛ እጃቸው ዘጉብን፤ አፈርን። ከቀኑ ስምንት ሰዓት እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት መስኮቱ ሁሉ ተዘግቶ ሰው ሁሉ ያርፋል፤ በዚያ ሰዓት የሰው በር ማንኳኳት ነውር ነው። ሜልቴሚ የተባለው የሰሜን ነፋስ ሲነሣ ደግሞ የተሰጣው ልብስ ከጎረቤት ግቢ ይገኛል፤ ትንንሾቹ ጀልባዎችም ከወደብ አይወጡም።

ችግር የገጠመን በምግብ ነው። የደረስነው ሐምሌ 26 ቀን ነበረ። የእኛ ጾመ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ቀን ስለሚገባ፥ ዕለቱም ረቡዕ ወይም ዓርብ ስላልነበረ፥ ከወይኑ ዳስ ሥር ተቀምጠን አይብና እንቍላል አዘን በላን። ባልቴቲቱ በአንገታችን ያለውን ማዕተብ አይተው ኦርቶዶክሳውያን መሆናችንን ጠይቀውን ነበር። ሳሕኑን ያለ ቃል አስቀመጡልን፤ ፊታቸው ግን ጠቈረ። እኛም አጓጕል ቃል የተናገርን መስሎን ቀኑን ሙሉ ስንጨነቅ ዋልን።

ነገሩ የገባን በሦስተኛው ቀን ነው። የእነርሱ ጾም የሚገባው ኦገስት 1 ቀን፥ ማለት ሐምሌ 25 ቀን ነው። ልጃቸው በወደቡ ዳር ምግብ ቤት አለውና እርሳቸው ጧት ማታ ለእንግዳው ሥጋ ይሠራሉ፤ ጨው መብቃቱን ለማወቅ እንኳ አይቀምሱም፤ የሚቀምስላቸው የዐሥር ዓመት የልጅ ልጃቸው ነው። ልጁ በትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ይማራልና አስተርጓሚያችንም እርሱ ሆነ። የእኛ ጾም ገና መሆኑን በእርሱ በኩል ብናስረዳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ያመኑን ግን አልመሰለንም። ለራሳቸው የሚበሉት ባቄላና ወይራ፥ አንዳንድ ቀንም በገመድ ላይ ተሰጥቶ የደረቀ ስምንት እግር ያለው የባሕር እንስሳ ነው። ደም የለውም ብለው ለጾም ይፈቅዱታል፤ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን ለማንበላ ለእኛ ግን ማየቱ ብቻ በቂ ነበረ።

ኦገስት 6 ቀን ደብረ ታቦርን አከበሩ፤ በዚያ ቀን ዓሣ ይፈቀዳል፥ በቤተ ክርስቲያንም የዓመቱ የመጀመሪያ ወይን ይባረካል። የእኛ ቡሄ ገና 13 ቀን ይቀረው ነበር፤ ይህ ልዩነት እነርሱ እ.ኤ.አ. በ1924 አቈጣጠራቸውን ከለወጡ ወዲህ የመጣ ነው። በማግሥቱ ፍልሰታ ገባልንና አይብ መብላታችንን አቆምን። ባልቴቲቱ ይህን ሲያዩ ለልጁ አንድ ነገር ነገሩት፤ «እውነታቸውን ነው» ማለታቸው ነበረ።

ከስካላ ወደ ሖራ ከተማ በሚያወጣው መንገድ መካከል የራእዩ ዋሻ ይገኛል። የአገሩ ሰው ስፍራውን አፖካሊፕሲ ይለዋል፤ ሊቃውንቶቻችን አቡቀለምሲስ የሚሉት ቃል ይኸው ነው። ሐዋርያው ራሱን ያሳርፍበት ነበር የሚባለው የዓለቱ ጐድጓዳ በብር ተከቧል፤ ደቀ መዝሙሩ አብሮኮሮስ ቆሞ ይጽፍበት ነበር የሚሉትንም ስፍራ ያሳያሉ። በኮረብታው ጫፍ ያለውን እንደ ምሽግ ያለ ገዳም የመሠረተው ቅዱስ ክሪስቶዱሎስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1088 ንጉሡ አሌክስዮስ ኮምኔኖስ ደሴቲቱን ሰጠው። በጾሙ ሳምንታት በየማታው ማለት ይቻላል ለእመቤታችን የምልጃ ጸሎት ይደረጋል። ሴቶቹ ከምድጃ፥ ወንዶቹ ከጀልባ፥ የዓሣ ሽታቸውን እንደ ያዙ ይመጣሉ። ከ451ዱ የኬልቄዶን ጉባኤ ወዲህ በቍርባን አንድ አይደለንምና እኛ ከኋላ ቆመን እንሰማ ነበር። ቋንቋውን ባናውቅም «ኪርያላይሶን» ሲሉ አብረን እንላለን።

ኦገስት 15 ቀን፥ ማለት ነሐሴ 9፥ እነርሱ የእመቤታችንን ዕረፍት አክብረው ፈሰኩ። እኛ ዕረፍቷን ጥር 21፥ ፍልሰቷን ነሐሴ 16 የምናከብር በመሆናችን በጾማችን መካከል ነበርን። ከዳሱ ሥር ጠረጴዛ ተዘረጋ፤ የበግ ጥብስ ቀረበ፤ እኛም በመጀመሪያው ስፍራ ተቀመጥን። በዓላቸውን ማሳዘን ከበደን፤ ጾማችንንም መሻር አልቻልንም። ገና አፋችንን ሳንከፍት ባልቴቲቱ ከወጥ ቤት ወጡና ለብቻው የተሠራ ባቄላ፥ ቲማቲምና የበሰለ በለስ በፊታችን አኖሩ። ከጎረቤቶቹ አንዱ ምነው ቢላቸው፥ በጣታቸው እስከ ሰባት ቈጥረው አሳዩት።

በማግሥቱ ወደ መርከቢቱ ስንወርድ ልጁ በሩጫ ደርሶ በነጭ ጨርቅ የተቋጠረ ደረቅ የፍየል አይብ ሰጠን። ነሐሴ 16 ቀን፥ ከቅዳሴ መልስ፥ አዲስ አበባ ዶፍ ሲወርድባት ጨርቁን ፈታን፤ የበሶብላም ቅጠል በውስጡ ነበረ።