ሶለል በዋጃ

ከቆቦ ተነሥቶ ወደ አላማጣ የሚሄድ መንገደኛ የራያን ሜዳ ሲያቋርጥ ዋጃን ያገኛታል። በስተ ምዕራብ ወደ ላስታ የሚያወጣው ተራራ እንደ ግንብ ቆሟል፤ በስተ ምሥራቅ የዞብል ተራሮች ይታያሉ፤ በመካከል የተዘረጋው ሜዳ የማሽላና የጤፍ አገር ነው። ገበሬው በክረምት ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ቦይ እየቀደደ ወደ እርሻው ይመራዋል፤ ስለዚህ በነሐሴ የማሽላው አገዳ ከልጅ ቁመት ያልፋል። የደጋውን የነሐሴ ብርድ የለመደ ሰው ወደዚህ ሲወርድ ጋቢውን በትከሻው መሸከም እንጂ መልበስ አይቻለውም።

በ2011 ዓ.ም. የፍልሰታን ጾም ያሳለፍሁት በዚህች ከተማ፣ በአንድ ገበሬ ቤተሰብ ዘንድ በእንግድነት ተቀምጬ ነበር። በቤቱ ያሉት ቆብ የደፉ አንዲት አሮጊት፣ ምራታቸውና የ13 ዓመት የልጅ ልጃቸው ነበሩ። የልጅቱ አባት በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ዐርፎ ነበርና ቤቱ ገና ከኀዘን አልወጣም።

አንባብያን እንደምታውቁት ጾመ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ቀን ይገባል። ሕፃናት ሳይቀሩ ይጾሙታል፤ በየአጥቢያው ቅዳሴ ማርያምና ውዳሴ ማርያም ይተረጎማል። ነሐሴ 16 ቀን የእመቤታችን የትንሣኤዋና የዕርገቷ በዓል ሲከበር ጾሙ ይፈታል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በሰሜኑ አገራችን ልጃገረዶች ለጨዋታ ይወጣሉ። ጨዋታውን በዋግ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በትግራይ አሸንዳ ይሉታል። በራያ ቆቦ ስሙ ሶለል ነው።

ስለ አመጣጡ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች የሚናገሩት አንድ ብቻ አይደለም። አንዳንዶቹ ርግብ ለኖኅ ያመጣችለትን የወይራ ቅጠል ያነሣሉ፤ ሌሎች እመቤታችን ስታርግ መላእክት በዝማሬ ማጀባቸውን ያስታውሳሉ። ሌሎች ደግሞ የዮፍታሔን ልጅ ታሪክ ይጠቅሳሉ። በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 11 እንደ ተጻፈ፣ የእስራኤል ቆነጃጅት በየዓመቱ አራት ቀን እየወጡ ስለ እርስዋ ያለቅሱ ነበር። እኔን ይህ የመጨረሻው ይበልጥ ይስበኛል፤ የልጃገረዶች መውጣት ከኀዘን ጋር ዝምድና እንዳለው ያሳያልና። በተቀመጥሁበትም ቤት ያ ዝምድና ጥያቄ ሆኖ መጣ።

በዋዜማው የሰፈሩ ልጃገረዶች ከወንዝ ዳር ረጅም ለምለም ሣር አጭደው ተመለሱ። በየቤቱ ደጃፍ ሹሩባ ይሠራል፣ ቅቤ ይቀባል፣ ኩል ይኳላል። ጥልፍ ቀሚስና ድሪ የሌላት ከአክስትዋ ወይም ከጎረቤትዋ ትዋሳለች። የእኛዋ ልጅ ግን ጸጉርዋ እንደ ተበተነ ምጣድ ታሰማ ነበር፤ ቀና ብላም ወደ ደጅ አላየችም። እናትዋ ወደ እኔ ዘወር ብላ፣

«መምህር፣ እርስዎ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነዎት። የአባትዋ ሙት ዓመት ሳይደርስ ተሠርታ ብትወጣ ነውር አይሆንም? ሰውስ ምን ይላል?» አለችኝ።

እኔም የእመቤታችን ትንሣኤ የሚከበርበት ቀን መሆኑን፣ ሐዋርያትም ሁለት ሱባዔ ጾመው ከኀዘናቸው መጽናናታቸውን እያስረዳሁ ሳለ አሮጊቷ ቃሌን አቋረጡኝ።

«ልጄ መምህር፣ የሞተው የእኔ ልጅ ነው» አሉ። «ጥቁሩን እኔ እለብስለታለሁ። ለእርስዋ ግን ልጅነትዋ አይመለስላትም። ነይ፣ ራስሽን ልሥራልሽ።»

ይህን ብለው ከአልጋው ሥር የእንጨት ሣጥን አወጡ። በጨርቅ የተጠቀለለ፣ እርሳቸው በልጅነታቸው ለሶለል ያሰሩት የብር ድሪ ነበረበት። ዛጎሉን አንድ በአንድ ቈጠሩ እንጂ ሌላ ቃል አልጨመሩም።

በማግሥቱ ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ልጃገረዶቹ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ተሰብስበው አስቀድመው ለእመቤታችን ዘመሩ። ከዚያ ሣሩን በወገባቸው ታጥቀው፣ ከበሮ ይዘው ከደጅ ወደ ደጅ ሄዱ። ሥርዓቱ የሚያስደንቅ ነው። ልጃገረዶቹ አለቃቸውን ራሳቸው ይመርጣሉ፤ የሚሰጣቸውንም በአንድ እጅ ያስቀምጣሉ። በዘፈናቸው የቤቱን ጌታ ያወድሳሉ፤ ንፉግ የሆነውንም በቅኔ ይወጉታል፤ እርሱም ስቆ ከመስጠት በቀር ሊቈጣ አይችልም። ዓመቱን ሙሉ ውኃ ቀጂና እንጨት ለቃሚ የነበረችው ልጅ በእነዚህ ቀኖች ከሥራ ነፃ ናት፤ መንገዱም የእርስዋ ነው። ይህን ልመና ብለው የሚነቅፉ ሰዎች አጋጥመውኛል። እኔ ግን በልጃገረዶቹ ፊት የለማኝ ፊት አላየሁም፤ ሰጪው ነበር የሚሽቈጠቈጠው።

ከእኛ ደጃፍ ሲደርሱ አለቃቸው እጅዋን አንሥታ ከበሮውን አስቆመች። የኀዘን ቤት ስለ ሆነ በዝምታ ሊያልፉ አስበው ነበር። የቤታችን ልጅ በመካከላቸው አንገትዋን ደፍታ ቆመች። ያን ጊዜ አሮጊቷ በትራቸውን ተደግፈው ወጡና፣ «ከበሮው ምን ሆነ? ምቱት እንጂ!» አሉ። ልጃገረዶቹ ቀስ ብለው ጀመሩ፤ በኋላም ድምፃቸው ከፍ አለ። እናቲቱ በበሩ ተሸሽጋ አለቀሰች፤ ከልጅዋ ላይ ግን ዓይንዋን አልነቀለችም። ሙስሊም ጎረቤታቸው በአጥር ላይ ሆና እልል አለችላቸው።

ሶለልን በከተማ አደባባይ፣ በመድረክና በድምፅ ማጉያ ማክበር ዛሬ ተለምዷል። ልማዱ እንዳይረሳ ማሰቡ መልካም ነው። ነገር ግን በመድረክ ላይ ያለች ልጅ ተመልካች እንጂ ደጅ የላትም፤ በኀዘን ቤት ፊት ከበሮ ማስቆምንም ከመድረክ አትማርም። እናቶች ሆይ፣ ልጆቻችሁ በአደባባዩ ቢታዩ አልከለክልም፤ አስቀድመው ግን የጎረቤቶቻቸውን ደጅ ይርገጡ።

ሁለት ዓመት ቈይቶ፣ በ2013 ዓ.ም. ክረምት፣ ጦርነት በራያ ሜዳ ላይ መጣ። የሶለሉ ሰሞን ለብዙ ቤት የስጋትና የስደት ሰሞን ሆነ።

በዚያ በ2011 ዓ.ም. ግን ልጃገረዶቹ ጨዋታቸውን ሲጨርሱ ያገኙትን ገንዘብ በዋርካ ጥላ ሥር ተካፈሉ። የእኛዋ ልጅ ከድርሻዋ ለአባትዋ መታሰቢያ ጧፍ ገዛች፤ በተረፈው ለመስከረም ደብተር አደረገችበት። ማታ አሮጊቷ ድሪውን ተቀብለው ዛጎሉን እንደገና ቈጠሩ። አንድ ጐደለ። ልጅቱ ደንግጣ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል፣ «ተዪው፣ እኔም በጊዜዬ ሁለት ጥዬአለሁ» ብለው ሣጥኑን ዘጉት።